ብቻውን ለሚሠራ ሪሰርቸር ኦብሲዲያን ይበቃዋል? የ14 ወር አጠቃቀሜ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትሠራ ፕሮዳክት ማናጀር ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ "ሰዎች ምዝገባውን መሃል ላይ ጥለው የሚወጡት ለምንድን ነው? አምና አንድ ሰው ነግሮሽ አልነበር እንዴ?" አለችኝ። ነግሮኝ ነበር። ድምፁ ራሱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስልክ ቁጥር የሚጠይቀው ገጽ ላይ ሲደርስ "ይሄን ለማን ሊሰጡብኝ ነው?" አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠው። ግን በየትኛው ጥናት? በየትኛው ወር? ፎልደር ስከፍትና ስዘጋ፣ የድምፅ ቅጂ እያሳለፍኩ ስሰማ ሦስት ሰዓት ሄደ። ያገኘሁት "ኢንተርቪው 4 አዲስ የመጨረሻ" የሚል ፋይል ውስጥ ነው። እስከዚያ ስብሰባው አልቆ ውሳኔው ተወስኖ ነበር።

የሪሰርች ማስቀመጫዬን ነገር ከልቤ የያዝኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ 14 ወር ኦብሲዲያን በሚባል የማስታወሻ አፕ ላይ ሠርቻለሁ። 9 ጥናቶች፣ 61 ቃለ መጠይቆችና የአጠቃቀም ፍተሻዎች እዚያ ተቀምጠዋል። የምጽፈው እንደ እኔ ብቻቸውን ሆነው የአፕ ተጠቃሚዎችን ለሚያጠኑ ሪሰርቸሮች ነው። አምስትና ስድስት ሪሰርቸር ያለበት ቡድን ጥያቄው ሌላ ነው፣ መልሱም ሌላ ነው።

ብቻ መሥራት ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ተሳታፊ የምፈልገው እኔ ነኝ። የምጠይቀው፣ ማስታወሻ የምይዘው፣ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ የምገለብጠው፣ የምተነትነው፣ ስላይድ የማዘጋጀው እኔው ነኝ። በዚህ ሁሉ መሃል ሰነድ ማደራጀት ማንም የማይጠይቀኝ ሥራ ነው። ሪፖርት ከዘገየ ሰው ይጠይቃል። ፎልደር ቢዝረከረክ ግን ማንም አያይም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቀረው እሱ ነው። ቡድን ቢኖረኝ "ያቺ ሴትዮ ምን ነበር ያለችው?" ብዬ የምጠይቀው ሰው ይኖር ነበር። ብቻዬን ስሆን የማስታውሰው እኔው ነኝ፣ እኔ ደግሞ እረሳለሁ።

ስለዚህ ማንኛውንም መሣሪያ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ቃለ መጠይቅ ጨርሼ ድክም ባለኝ ሰዓት በ15 ደቂቃ ውስጥ ላስቀምጥበት እችላለሁ? ሁለተኛ፣ ከዓመት በኋላ አንድ ድምዳሜ ይዤ ሰውየው በአፉ ወደ ተናገረው ቃል መመለስ እችላለሁ? የቀረው ሁሉ ለእኔ ትርፍ ነው።

ከኦብሲዲያን በፊት የሞከርኳቸው

መጀመሪያ ተራ ፎልደር ነበር። በጥናት ስም አንድ ፎልደር፣ ውስጡ ግልባጭ፣ ቅጂ፣ ስላይድ። ይህ የሚሠራው እስከ ሦስተኛው ጥናት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጉዳይ በሦስት ጥናት ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፣ ፎልደር ደግሞ ጥናቶችን አቋርጦ የሚያሳይበት መንገድ የለውም። ጥያቄው የሚመጣው በጉዳይ ነው፣ ፎልደሩ የተሠራው በፕሮጀክት ነው። ችግሩ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ስፕሬድሺት ሞከርኩ። አንድ ረድፍ አንድ ምልከታ፣ ጎን ለጎን ቀኑ፣ የተሳታፊው ኮድ፣ ታጉ (ጉዳዩን የሚለይ አጭር መለያ ቃል)። እውነቱን ለመናገር ይህን ዛሬም አልንቀውም። ብቻውን ለሚጀምር ሰው ጥሩ ነው፣ ማጥለልም ማጣራትም ይቻላል። የሚያስቸግረው ሰው በረድፍ አለመናገሩ ነው። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ቅሬታ ይጀምራል፣ መሃል ላይ የጎረቤቱን ነገር ያነሳል፣ ቀጥሎ ከቅሬታው ጋር የሚጣረስ ነገር ይናገራል። ያንን ቆራርጬ ረድፍ ውስጥ ስከተው ቃሉ ይቀራል፣ ከቃሉ በፊትና በኋላ የነበረው ግን ይጠፋል።

ሦስተኛው ለሪሰርች ተብሎ የተሠራ የክፍያ አገልግሎት ነው፤ ስሙ ይቆይ። ሥራ ላይ እያለ በጣም ወድጄው ነበር። ቪዲዮ ይገለብጣል፣ ግልባጩ ላይ በቀለም ትለጥፋላችሁ፣ ሁሉም ነገር ውብ ነው። ከዚያ በጀት ተቀነሰ። ክፍያው ሲቋረጥ ሥራዬን ላውጣ አልኩና ያወረድኩት ፋይል ደነገጥኩበት። ጥቅሶቹ በአንድ የሲኤስቪ (ተራ የሰንጠረዥ) ፋይል መጥተዋል፣ ታጎቹ በሌላ መጥተዋል፣ የትኛው ጥቅስ ከየትኛው የቪዲዮ ደቂቃ እንደመጣ የሚያሳየው ግንኙነት ግን የለም። ስምንት ወር የሠራሁት ቁርጥራጭ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ አዲስ መሣሪያ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን ሆነ።

ኦብሲዲያን ምን ዓይነት ነገር ነው

ኦብሲዲያን ሺዳ ሊ እና ኤሪካ ሹ የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ የቀረበ የማስታወሻ አፕ ነው። ለሪሰርች ተብሎ አልተሠራም። እኔን የሳበኝ አሠራሩ ነው። ማስታወሻዎቹን የሚያስቀምጠው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ እናንተ በመረጣችሁት ፎልደር ውስጥ ነው። ያንን ፎልደር ቮልት ይሉታል፣ ካዝና እንደማለት። እያንዳንዱ ማስታወሻ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ርዕሱን፣ ድምቀቱን፣ ዝርዝሩን የሚያመለክተው ማርክዳውን በሚባለው ቀላል አጻጻፍ ነው፣ ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው። ነገ ኦብሲዲያን ከገበያ ቢጠፋ ፋይሎቼን ኖትፓድ ይከፍታቸዋል። መውጫው ይሄ ነው። ማውረድ የለም፣ መለወጥ የለም፣ ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ ብቻ።

አፑ ነፃ ነው። ቀድሞ ለሥራ ለሚጠቀሙበት ሰዎች የፈቃድ ክፍያ ይጠይቅ ነበር፣ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ጀምሮ ግን ያ ክፍያ በፈቃደኝነት ሆኗል። የሚያስከፍሉት በመሣሪያዎች መካከል ለሚያመሳስለው ሲንክ እና ማስታወሻን ድረ ገጽ አድርጎ ለሚያወጣው ፐብሊሽ ነው። ሁለቱም ባይኖሩ ሥራው አይቆምም።

እንዴት አደራጀሁት

አራት ፎልደር ብቻ አለኝ፦ ጥናቶች፣ ቆይታዎች፣ ግኝቶች፣ ቅጽ። ቆይታ የምለው ከአንድ ሰው ጋር ያደረግኩትን አንድ ቃለ መጠይቅ ወይም ፍተሻ ነው። ቪዲዮና ድምፅ ቮልቱ ውስጥ አላስገባም፤ ከባድ ናቸው፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያዘገያሉ፣ የሚሰረዙበት ቀንም የተለየ ነው። ማስታወሻው ላይ የቅጂውን ስምና ደቂቃውን ብቻ እጽፋለሁ።

የቆይታ ማስታወሻ ሁሉ ከአንድ ቅጽ ይጀምራል። አናቱ ላይ ፕሮፐርቲ የሚባሉት ሳጥኖች አሉ፦ ጥናት፣ ቀን፣ የተሳታፊ ኮድ፣ ዘዴ፣ ቅጂው የት እንዳለ፣ ተሳታፊው የሰጠው ፈቃድ እስከ መቼ እንደሆነ። ከሥር ሦስት ንዑስ ርዕሶች አሉ። "የተባለው"፣ "የታየው"፣ "የመሰለኝ"።

እነዚህ ሦስት ቃላት ከሶፍትዌሩ ሁሉ የበለጠ ጠቅመውኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባቸው። "የተባለው" ሥር የሰውየው ቃል እንዳለ ይገባል፣ በጥቅስ፣ ከነደቂቃው። "የታየው" ሥር ያደረገው ይገባል፦ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቁልፉን አይቶ አለፈው፣ ስልኩን ደፋው። "የመሰለኝ" ሥር የእኔ ግምት። ሲጻፍ ቀላል ይመስላል፣ ግን ድሮ የያዝኳቸውን ማስታወሻዎች ከፍቼ ሳይ ሦስቱ ተቀላቅለው ነው የማገኛቸው። "ተጠቃሚው ግራ ተጋባ" ብዬ ጽፌያለሁ። ማን አለ? እሱ ነው ያለው? ፊቱን አይቼ ነው? ወይስ እኔ ግራ ሊገባው ይገባል ብዬ ስለጠበቅኩ ነው? ከስድስት ወር በኋላ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ሊለየው አይችልም። ቡድን ቢኖር ሌላ ሰው "ይሄን ከየት አመጣሽው?" ብሎ ይጠይቃል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ያንን ጠያቂ ቅጹ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።

ቆይታው እንዳለቀ ወንበሬን ሳልለቅ 15 ደቂቃ እጽፋለሁ። ቀጣዩን ቀጠሮ ከግማሽ ሰዓት በታች አቅርቤ አልይዝም፣ ምክንያቱም ያ 15 ደቂቃ ካለፈ ነገ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሙሉ ግልባጩ በኋላ ሊመጣ ይችላል። የአንድ ሰዓት ንግግር ሲገለበጥ በቀላሉ ከ10 ገጽ በላይ ይሄዳል፣ እሱን ሁሉ በዚያው ቀን ልጨርስ ማለት ራስን ማድከም ነው።

ስለ አቶሚክ ሪሰርች

ይህን መስክ የሚከታተል ሰው አቶሚክ ሪሰርች የሚለውን ቃል ሰምቷል። የሪሰርች ባለሙያው ቶመር ሻሮን ዊወርክ በተባለው የጋራ ቢሮ አከራይ ኩባንያ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ፖላሪስ የተባለውን የሪሰርች ማከማቻ ሲሠሩ ሪፖርትን ሳይሆን ትንሿን ምልከታ የማከማቻው መሠረት አደረጉ፤ ነገት ይሏታል። ሌላው ባለሙያ ዳንኤል ፒድኮክ ደግሞ ሐሳቡን በአራት ደረጃ አስቀመጠው፦ ሙከራ፣ ከሙከራው የተገኘ እውነታ፣ ከእውነታው የተነሳ ግኝት፣ ከግኝቱ የሚመጣ ምክር። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። የሚያስደስተኝ አንድ እውነታ ብዙ ግኝቶችን ሊደግፍ ወይም ሊያፈርስ መቻሉ ነው።

እንዳለ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። በስድስት ሰው ጥናት ላይ እያንዳንዷን ምልከታ ለብቻዋ ማስታወሻ አደረግኳት። ከ180 በላይ ማስታወሻ ሆነ፣ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። በቀጣዩ ጥናት ደከመኝና ግማሽ ላይ ተውኩት። ግማሽ የተሠራ ማከማቻ ደግሞ ከሌለው ይከፋል፣ ምክንያቱም ፈልጌ ሳጣ "አልተባለም ማለት ነው" ብዬ እደመድማለሁ።

ኦብሲዲያን እዚህ ጋ ነው ያዳነኝ። ምልከታውን ቆርጦ ማውጣት አያስፈልግም። ቆይታው ውስጥ ባለበት ቦታ ሆኖ አንዷን አንቀጽ ብቻ ሊንክ ማድረግ ይቻላል። አንቀጿን በሌላ ማስታወሻ ውስጥ እንዳለች እንድትታይም ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ለብቻቸው ማስታወሻ የሚሆኑት ግኝቶች ብቻ ናቸው፣ ማስረጃው ግን በተነገረበት ቦታ፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ንግግር ጋር ይቀመጣል። ሊንኩን ጠቅ ሳደርገው የሰውየው ንግግር መሃል ላይ ይጥለኛል። ሁለተኛው ጥያቄዬ በዚህ ተመለሰ።

የግኝት ርዕስ ሁልጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። "ስልክ ቁጥር" ብዬ አልሰይምም። "ሰዎች ቁጥራቸው ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቁ ምዝገባውን ያቆማሉ" ብዬ ነው የምሰይመው። ርዕሱ ብቻውን ሲነበብ መልስ መሆን አለበት። ከሥሩ "የሚደግፍ" እና "የሚቃረን" የሚሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። "የሚቃረን" ባዶ ከሆነ ወይ በደንብ አልፈለግኩም ወይ የጠየቅኳቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ባዶ ሆኖ ሳየው ደስ አይለኝም። አናቱ ላይ "መጨረሻ የታየው" የሚል ቀን አለ። ገጹ ተቀይሮ ከሆነ የአምና ግኝት ዛሬ እውነት ላይሆን ይችላል።

ሌላው የምወደው ከሥር የሚታየው የኋላ ሊንክ ነው። አንድ ቆይታ ስከፍት የትኞቹ ግኝቶች እንደተጠቀሙበት ይዘረዝርልኛል። ምንም ግኝት ያልነካው ቆይታ ካለ ወዲያው ይታያል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አግኝቻለሁ። ሁለቱም ዝምተኞች ነበሩ፤ ተመልሼ ሳነባቸው ከሌሎቹ የተለየ ነገር ተናግረዋል፣ እኔ ግን ጮክ ብለው የተናገሩትን ብቻ ነበር የሰበሰብኩት።

በአማርኛ ስንፈልግ

ቃለ መጠይቁን በአማርኛ ለምንይዝ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አያነሱትም። "ግልባጩ ካለ ሰርች ይበቃል" የሚለው ምክር ለእኛ አይሠራም። "ክፍያ" ብዬ ስፈልግ "ከፈልኩ"፣ "ሲያስከፍሉኝ"፣ "አልከፍልም" አይመጡም። ሥሩ አንድ ነው፣ ፊደሉ ግን በየእርባታው ይቀየራል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያየው ፊደሉን ነው። በዚያ ላይ "ድምፅ" እና "ድምጽ"፣ "ሥራ" እና "ስራ"፣ "ዓይነት" እና "አይነት" አለ። ግልባጩን አንድ ሳምንት እኔ፣ ሌላ ሳምንት ተቀጥሮ የሚገለብጥ ሰው ከጻፈው አጻጻፉ ይለያያል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ታግ ነው። የሰውየው ቃል በፈለገው ይጻፍ፣ ታጉ ግን አንድ አጻጻፍ ብቻ ይኖረዋል። ኦብሲዲያን የግዕዝ ፊደል ታግ ያለ ችግር ይቀበላል፣ ታግ በታግ ሥር ማስገባትም ይቻላል፦ እንቅፋት/መተማመን፣ እንቅፋት/ቋንቋ፣ እንቅፋት/ኔትወርክ። ሁለተኛው የኦብሲዲያን ሰርች ሬጀክስ (በአንድ ፍለጋ ብዙ አማራጭ አጻጻፍ የሚይዝ የፍለጋ ቀመር) መቀበሉ ነው። /ድም[ፅጽ]/ ብላችሁ ብትጽፉ ሁለቱንም አጻጻፍ ያመጣል። /[ከክ][ፈፍ]/ ብትሉ ደግሞ "ከፈልኩ"ም "ክፍያ"ም "አልከፍልም"ም አብረው ይመጣሉ። ከማይፈለግ ነገር ጋር ነው የሚመጡት፣ "ክፍል"ም ይገባል፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ታግ ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያሰኘኝን ሁሉ ታግ አደረግኩ። 140 ሲደርስ "ክፍያ"፣ "ክፍያዎች"፣ "የክፍያ_ችግር" የሚሉ ሦስት ታጎች ጎን ለጎን አገኘሁ፣ ሦስቱም ውስጥ የተለያየ ነገር አለ። አንድ ሙሉ ቀን ሰጥቼ 32 አደረግኳቸው። አሁን የታጎቹ ዝርዝር ራሱ አንድ ማስታወሻ ነው፣ ከእያንዳንዱ ታግ ጎን ምን እንደሚገባበትና ምን እንደማይገባበት አንድ መስመር ተጽፏል። አዲስ ታግ የምጨምረው ቢያንስ ሦስት ሰዎች ላይ ሳየው ነው።

ቤዝስ እና ካንቫስ

ቤዝስ እ.ኤ.አ. በ2025 ኦብሲዲያን ላይ የመጣ ነው። ማስታወሻዎቹን በፕሮፐርቲያቸው ሰብስቦ በሰንጠረዥ ያሳያል። ለእኔ ስፕሬድሺቱን ተካው፦ ፈቃዳቸው በዚህ ወር የሚያልቅ ቆይታዎች፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያልታዩ ግኝቶች። ሁለቱን ሰንጠረዦች ዓርብ ዓርብ እከፍታለሁ።

ካንቫስ ሰፊ ነጭ ሰሌዳ ነው፤ ማስታወሻዎችን እንደ ካርድ ጎትቶ ማስቀመጥና መቧደን ይቻላል። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ጂሮ ካዋኪታ የመስክ ማስታወሻቸውን በካርድ እየጻፉ የሚመሳሰሉትን ከታች ወደ ላይ የሚያሰባስቡበት ዘዴ፣ ዛሬ አፊኒቲ ዳያግራም የምንለው፣ እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ግራፍ ቪው የሚባለውን፣ ነጥቦች በክር የተያያዙበትን ሥዕል ግን አልፌዋለሁ። ለዓይን ያምራል፣ አንድም ጊዜ መልስ አልሰጠኝም።

የተሳታፊዎች አደራ

ሰዎች ስለ ገንዘባቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ሕመማቸው ይነግሩናል። ይህ አደራ ነው፣ ማከማቻ የምንመርጠውም ይህን አስበን መሆን አለበት። የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሰው መረጃዬን ሰርዙልኝ የማለት መብት ሰጥቶታል። እናንተ የምትሠሩበት አገር ሕግ ምንም ይበል ምን፣ አንድ ተሳታፊ "የእኔን አጥፊው" ቢለኝ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የት የት እንዳለ ማወቅ መቻል አለብኝ።

ቮልቱ ውስጥ ስም የለም፤ ኮድ ብቻ አለ። ስምና ኮድ የሚያገናኘው ዝርዝር ሌላ ቦታ፣ በፓስዎርድ ተቆልፎ ይቀመጣል። ኮዱ ፕሮፐርቲ ስለሆነ አንድ ፍለጋ ያ ሰው ያለበትን ሁሉ ያወጣል። ግኝቱ ውስጥ የገባው ጥቅስ ሊንክ እንጂ ቅጂ ስላልሆነ፣ ዋናው ሲሰረዝ ግኝቱ ላይም ይጠፋል። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ስላይድ ላይ ቀድቼ የለጠፍኩት ጥቅስ እንዲህ አይጠፋም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ ላፕቶፑን ያገኘ ሰው ያነባቸዋል። ስለዚህ ዲስኩን ራሱን መቆለፍ ግዴታ ነው፤ ማክ ላይ ፋይልቮልት፣ ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር አለ። ሲንክ ለሚጠቀሙ፣ በመንገድ ላይና ሰርቨር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው። ሁለተኛው ፕለጊን፣ አፑ ላይ የሚጨመር ቅጥያ፣ ነው። በሌሎች ሰዎች የተሠሩ ብዙ ፕለጊኖች አሉ፣ ስትጭኑት ግን ፕለጊኑ ፋይሎቻችሁን ማንበብ ይችላል። የተሳታፊ መረጃ ባለበት ቮልት ላይ እኔ አንድም አልጫንኩም። ከአፑ ጋር የሚመጡት በቅተውኛል።

የማይሠራው

ቪዲዮ አይገለብጥም፣ አይቆርጥም። ስብሰባ ላይ የተሳታፊን ፊት ማሳየት ለሥራችሁ ዋና ነገር ከሆነ እንደ ዳቭቴይል ያለ ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ይሻላችኋል። አብሮ መሥራት ላይም ደካማ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ፣ ኮሜንት እንዲሰጥ ከፈለጋችሁ ኖሽን ወይም ጉግል ዶክስ ይቅደም። ብዙ መቶ ተሳታፊዎችን በመስፈርት ማጣራት ሥራችሁ ከሆነ ኤርቴብል የሰንጠረዥ ሥራ ላይ ይበልጠዋል።

ሌላው፣ ምንም አይሰጣችሁም። ስትከፍቱት ባዶ ገጽ ነው። ፎልደሩም ቅጹም ታጉም ከእናንተ ይጠበቃል። እኔ እስኪገባኝ ሦስት ሳምንት ወስዷል። በዚያ ላይ ማስዋቡ ያታልላል፤ ቀለም መቀየር፣ ፕለጊን መሞከር፣ ቅጽ ማሳመር ሥራ የሠሩ ያስመስላል።

ባክአፕ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ሲንክ ባክአፕ አይደለም፤ አንዱ ላይ የሰረዛችሁት ሌላውም ላይ ይሰረዛል። እኔ በየሳምንቱ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ በየወሩ ደግሞ ተመስጥሮ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ።

ለእኔ ሥራ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለሌሎች ማካፈል ስለሚያስቸግር ነው፣ ለብቻ ሠራተኛ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ለመጀመር የሚያስብ ካለ፣ ያለፈውን ሁሉ ልክተት ብሎ እንዳይነሳ። እኔ ስጀምር ያስገባሁት የመጨረሻውን ጥናት ብቻ ነው። የድሮዎቹን የማስገባቸው አንድ ሰው ስለ እነሱ ጥያቄ ሲያመጣ ብቻ ነው፣ እስካሁን ከ11 የድሮ ጥናቶች የገቡት 4 ናቸው።

በቅርቡ ሦስት ሳምንት እረፍት ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ቮልቱን፣ ስም የሌለበትን፣ ለዲዛይነራችን ላፕቶፕ ኮፒ አደረግኩላትና "እስክመለስ ጥያቄ ከመጣ እዚህ ፈልጊ" አልኳት። ስመለስ ሦስት ጥያቄ መጥቶባት ነበር። ሁለቱን ራሷ አግኝታ መልሳለች፣ አንዱን እንዲያውም ከነተቃራኒ ማስረጃው ስብሰባ ላይ አቅርባዋለች። ሦስተኛውን አላገኘችውም። መልሱ ቮልቱ ውስጥ ነበር። "ሰዎች ደረሰኝ ለምን ስክሪንሾት ያነሳሉ?" ብላ ነው የፈለገችው፣ እኔ ደግሞ ግኝቱን "ተጠቃሚዎች የግብይት ማረጋገጫን ከአፑ ውጭ ማስቀመጥ ይመርጣሉ" ብዬ ሰይሜዋለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። አሁን በእያንዳንዱ ግኝት ላይ "ሰው እንዴት ብሎ ይጠይቀዋል" የሚል አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ከ47 ግኝቶች 20ውን ሞልቻለሁ፣ የቀሩትን ዓርብ ዓርብ እየሞላሁ ነው።